የአዲስ ሞተር ቢስክሌት የመጀመሪያ ሰርቪስ፦ የሚከፈለው ስንት ነው? ለምንስ ይከፈላል?

በአገራችን በብዙ ከተሞችና ገጠሮች ሞተር ቢስክሌት ለጌጥ ወይም ለመዝናኛ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ሰው የሚመላለስበት፣ ዕቃ የሚጫንበት፣ ከዚያም የዕለት እንጀራ የሚገኝበት መሣሪያ ነው። የሚገዛበትም ገንዘብ ከአንድ ሰው ኪስ ብቻ የሚወጣበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከአንዱ ወንድም ደመወዝ፣ ከሌላው ዕቍብ፣ ከወላጆች የከብት ሽያጭ ወይም ከብድር ይጠራቀማል። ሞተሩ በተገዛ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ፣ ዕዳው ገና ሳይነካ፣ የመጀመሪያው ሰርቪስ ይደርሳል። በዚህን ጊዜ በየቤቱ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ትናንት የተገዛ አዲስ ዕቃ ዛሬ ምን ሰርቪስ ያስፈልገዋል?» የሚል ነው።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ዳሩ ግን መልሱን ባለማወቅ ሰዎች በሁለት መንገድ ይጐዳሉ። አንዳንዱ ገንዘቡን አተርፋለሁ ብሎ ሰርቪሱን ፈጽሞ ይተወዋል። ሌላው ደግሞ ምን እንደ ተሠራለት ሳይጠይቅ የተጠየቀውን ሁሉ ከፍሎ ይሄዳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከሁለቱም ለመራቅ የሚያስፈልገውን ዕውቀት በቅደም ተከተል ማስረዳት ነው።

ጉዳዩ እኛን ተማሪዎችን ለምን ይመለከተናል የሚል ቢኖር መልሱ ቀላል ነው። ከሞተሩ ጋር የሚሰጠው የመመሪያ መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ይህን መጽሐፍ ገልጦ ለወንድሙ ወይም ለአጐቱ ሊያስረዳ የሚችለው ደግሞ በቤቱ ውስጥ የተማረው ልጅ ነው። መጽሐፉ ከነላስቲኩ በሣጥን ተቀምጦ የሚቀር ከሆነ የትምህርታችን ጥቅም ለቤተ ሰባችን ምኑ ላይ ነው?

ሀ. የመጀመሪያው ሰርቪስ መቼ ይደረጋል?

ጊዜውን የሚወስነው የሠሪው ፋብሪካ መመሪያ ነው። የጃፓኖቹ ፋብሪካዎች፣ ማለት ሆንዳ፣ ያማሃ፣ ሱዙኪና ካዋሳኪ፣ ለብዙዎቹ ሞዴሎቻቸው የመጀመሪያውን ሰርቪስ በ1,000 ኪሎ ሜትር ላይ ያደርጉታል። የጀርመኑ ቢ.ኤም.ደብልዩ ከ500 እስከ 1,200 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ እንዲደረግ ያዛል። የሕንዱ ባጃጅ ለብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮቹ ቀደም አድርጎ ከ500 እስከ 750 ኪሎ ሜትር ይላል። ከኪሎ ሜትሩም ሌላ ብዙውን ጊዜ የቀን ገደብ አለ። ሞተሩ ብዙ ባይነዳም ቀኑ ከደረሰ ሰርቪሱ ይደረጋል፤ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ይወስናል ማለት ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ነገር ኪሎ ሜትር ቈጣሪውን መመልከትና መመሪያው ላይ ያለውን ቍጥር ማወቅ ነው። የጎረቤት ሞተር በ1,000 ስለ ተደረገለት የእኛም በ1,000 ይደረግለታል ማለት አይቻልም።

ለ. አዲስ ሞተር ለምን ዘይት ይቀየርለታል?

የነገሩ ሁሉ ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ነው። በሞተሩ ውስጥ ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። በፒስተኑ ዙሪያ የታሰሩት ቀለበቶች የሲሊንደሩን ግድግዳ ተጭነው የነዳጁ ፍንዳታ ኀይል ወደ ታች እንዳያመልጥ፣ ዘይቱም ወደ ላይ እንዳይወጣ ይከለክላሉ። የሲሊንደሩ ግድግዳ ለዐይን ለስላሳ ይምሰል እንጂ በፋብሪካ ሆነ ተብሎ የተሠሩ ቀጫጭን የተጠላለፉ ጭረቶች አሉበት። ጭረቶቹ ዘይት ይይዛሉ፤ ጫፎቻቸው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ መቶዎች ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ከቀለበቶቹ ጋር እየተፋጩ ይስተካከላሉ። የማርሾቹም ጥርሶች እንዲሁ እርስ በርሳቸው ይለማመዳሉ።

ይህ መፋጨት አስፈላጊ ነው፤ ያለ እርሱ ቀለበቶቹ ከግድግዳው ጋር በሚገባ አይገጥሙም። ነገር ግን ከመፋጨቱ የሚወጣው ደቃቅ የብረት ብናኝ የሚሄደው ወደ ዘይቱ ነው። በአብዛኞቹ ባለ ማርሽ ትንንሽ ሞተሮች ደግሞ ሞተሩን፣ ማርሾቹንና ፍሪሲዮኑን የሚያለሰልሰው አንድ ዘይት ነው። በመኪና ግን ማርሽ ቤቱ ብዙውን ጊዜ የራሱ ዘይት አለው። ስለዚህ በሞተር ቢስክሌት ውስጥ ያ አንድ ሊትር ያህል ዘይት የሦስት ክፍሎችን እድፍ ይሸከማል። ፊልትሮው ከፊሉን ይይዛል፤ ሁሉን ግን አይዝም። ብናኙ በዘይቱ ውስጥ ሆኖ መዞሩን ከቀጠለ፣ መጀመሪያ ጠቃሚ የነበረው መፋጨት ወደ ጐጂ መበላት ይለወጣል።

ከሞተሩም ውጭ የሚላመዱ ነገሮች አሉ። አዲስ ካቴና በመጀመሪያው ጊዜ ይላላል። ቸርኬውን ከመኻሉ ጋር የሚያያይዙት ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ራጂ የምንላቸው፣ ቦታቸውን ሲይዙ ይረግባሉ። የፍሪሲዮንና የፍሬን ገመዶች ይሳባሉ፤ ብሎኖችም ከንዝረት የተነሣ ሊላሉ ይችላሉ። እነዚህን አጥብቆና አስተካክሎ መመለስ የሰርቪሱ ሁለተኛ ክፍል ነው። ይህ ደግሞ የሚነካው ሞተሩን ብቻ ሳይሆን የነጂውንና ከኋላው የተቀመጠውን ሰው ሕይወት ነው።

ሐ. የሂሳቡ ክፍሎች

በደረሰኝ ላይ «ሰርቪስ» ተብሎ በአንድ መሥመር የተጻፈ ሂሳብ ምንም አያስተምርም። በአራት ተከፍሎ መታየት አለበት።

1ኛ፤ የሚቀየር ዕቃ። ይኸውም ዘይቱ፣ ፊልትሮው (ካለው) እና የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ማኅተም ነው። ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያለው ሞተር ብዙውን ጊዜ 1 ሊትር ያህል ዘይት ሲይዝ፣ ባለ አራት ሲሊንደሩ ትልቅ ሞተር ከ3 ሊትር በላይ ይይዛል። የሁለቱ ሂሳብ የሚለያይበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ዘይት ሲመረጥ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው ውፍረቱ ነው፤ 10ደብልዩ-30 ወይም 20ደብልዩ-50 እየተባለ የሚጻፈው ሲሆን፣ ሁለተኛው ቍጥር ከፍ ባለ መጠን ዘይቱ በሙቀት ጊዜ የበለጠ ወፍራም ነው። ሌላው ደግሞ ጃሶ ኤም.ኤ. የሚባለው ምልክት ነው። ይህ በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ የሞተር ቢስክሌት ዘይት ደረጃ ሲሆን፣ ፍሪሲዮናቸው በዘይት ውስጥ ለሚሠራ ሞተሮች የተዘጋጀ ነው። አንዳንድ የመኪና ዘይት መንሸራተትን የሚጨምር ቅመም ስላለበት ፍሪሲዮኑን ሊያንሸራትተው ይችላል። ስለዚህ በዋጋ ረከስ ያለውን የመኪና ዘይት መርጦ መግዛት ሁልጊዜ ቍጠባ አይደለም።

2ኛ፤ የሚመረመርና የሚስተካከል። ካቴና፣ ራጂ፣ ፍሬን፣ የገመዶች ልክ፣ የጎማ ነፋስ፣ መብራት፣ ብሎኖች፣ እንዲሁም በብዙ ትንንሽ ሞተሮች የቫልቮች ክፍተት በዚህ ይጠቃለላሉ። እነዚህ የሚጠይቁት የሰው ጊዜ እንጂ ዕቃ አይደለም። የቫልቭ ክፍተት ከልክ በላይ ከጠበበ ቫልቩ በሚገባ ስለማይዘጋ ይቃጠላል፤ ከሰፋ ደግሞ ይንኳኳል። በአንድ ሲሊንደር ትንሽ ሞተር ላይ ሥራው በብሎንና በዳዶ የሚስተካከል ቀላል ነገር ነው። በብዙዎቹ ትልልቅ ዘመናዊ ሞተሮች ግን ነዳጅ ጋኑንና ሽፋኑን ማውለቅ የሚጠይቅ ሲሆን፣ መመሪያውም የሚያዝዘው ብዙ ሺሕ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ነው። ስለዚህ የትልቅ ሞተር ባለቤት በመጀመሪያው ሰርቪስ የቫልቭ ሂሳብ ቢቀርብለት መመሪያውን ገልጦ ማየት ይገባዋል።

3ኛ፤ የእጅ ዋጋ። ይህ የሥራው ሰዓት በጋራዡ የሰዓት ዋጋ ተባዝቶ የሚገኝ ነው። በሕንድ አገር ብዙ ፋብሪካዎች ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰርቪሶች የእጅ ዋጋ እንዳይከፈል የሚያደርግ ኩፖን ከሞተሩ ጋር ይሰጣሉ። ገዢው የሚከፍለው ለዘይትና ለመሳሰለው ዕቃ ብቻ ነው። «ነጻ ሰርቪስ» ሲባል ምንም አይከፈልም ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። ሞተር ስንገዛ ሻጩን መጠየቅ ያለብን ጥያቄም ይኸው ነው፤ ነጻ የሚሆነው እጁ ነው ወይስ ዕቃው?

4ኛ፤ ጭማሪ። ሞተር ማጠቢያ ፈሳሽ፣ በዘይት ውስጥ የሚጨመር ቅመም፣ ገና ያላለቀ ካንዴላና የአየር ማጣሪያ መለወጥ፣ እነዚህ ሁሉ በብዙ መመሪያዎች የመጀመሪያ ሰርቪስ ዝርዝር ውስጥ አይገኙም። ሂሳቡ ከበዛ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ይህ አራተኛው ክፍል ነው። መመሪያው ያላዘዘውን ሥራ «አይሠራልኝ» ማለት የባለቤቱ መብት ነው። ከ1ኛውና ከ2ኛው ክፍል ቀንሶ ዋጋ ማስቀነስ ግን ራስን መጕዳት ነው።

መ. በምሳሌ የተደገፈ ሂሳብ

ዋጋ ከከተማ ከተማ፣ ከወር ወርም ስለሚለያይ የሚከተሉት ቍጥሮች ለትምህርት ያህል የተወሰዱ ናቸው። አንባቢ የራሱን ከተማ ዋጋ እየተካ እንዲሠራው ይሁን።

ዘይት 900 ብር፣ ፊልትሮ 250 ብር፣ ማኅተም 50 ብር፣ የእጅ ዋጋ 600 ብር እንበል። ድምሩ 1,800 ብር ይሆናል። ሰርቪሱ የሚደረገው በ1,000 ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 1 ብር ከ80 ሳንቲም ደረሰ ማለት ነው። የሚቀጥለው ሰርቪስ በ4,000 ኪሎ ሜትር ቢሆንና ያው 1,800 ብር ቢያስወጣ፣ በመካከሉ ያለው ርቀት 3,000 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የሚደርሰው 60 ሳንቲም ብቻ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የመጀመሪያው ሰርቪስ በኪሎ ሜትር ሲሰላ ከሌሎቹ ሦስት እጥፍ የከበደ ነው። የከበደበትም ምክንያት ሥራው የተለየ ስለሆነ ሳይሆን ቶሎ ስለሚደርስ ነው። ሁለተኛ፣ ሰው የሚቸገረው በገንዘቡ ብዛት ሳይሆን በጊዜው ነው። ነጂው በቀን 60 ኪሎ ሜትር ቢነዳ 1,000 ኪሎ ሜትር የሚሞላው በ17ኛው ቀን ነው። 1,800 ብር ለ17 ቀን ሲካፈል በቀን ወደ 106 ብር ይሆናል። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለብቻ ያላስቀመጠ ሰው በ17ኛው ቀን 1,800 ብር በአንድ ጊዜ ከየት ያመጣል? ገንዘቡ ለዕቍብና ለዕዳ ሄዷል። ስለዚህ ሰርቪሱን «ለሚመጣው ወር» ይለዋል፤ የሚመጣው ወርም የራሱ ዕዳ ይዞ ይመጣል።

መፍትሔው ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ሰርቪስ ዋጋ የሞተሩ መግዣ ዋጋ አንድ ክፍል ሆኖ መቈጠር አለበት። ታርጋውና ኢንሹራንሱ ሲታሰቡ እርሱም አብሮ ይታሰብ። ሞተሩ ብዙ ሺሕ ብር ሲከፈልበት 1,800 ብር ጨምሮ ማስቀመጥ ያን ያህል አይከብድም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከባዶ ኪስ ማውጣት ግን ይከብዳል።

ሠ. ቢታለፍስ?

እውነቱን ለመናገር፣ የመጀመሪያው ሰርቪስ የታለፈበት ሞተር በማግሥቱ አይቆምም። ክፉውም ነገር ይህ ነው፤ ጥፋቱ ሳይታይ ስለሚጠራቀም ሰው «እነሆ፣ ምንም አልሆነም» ይላል። ከጊዜ በኋላ ግን ሞተሩ ዘይት መብላት፣ ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ማውጣትና ዳገት ላይ መድከም ሊጀምር ይችላል።

ይህንም በሂሳብ እንመዝነው። ሞተሩ ወርዶ ፒስተኑና ቀለበቶቹ ሊለወጡ፣ ሲሊንደሩም ሊስተካከል 18,000 ብር ይፈጃል እንበል። ሞተሩ 10 ቀን ጋራዥ ይቆማል፤ በቀን የሚታጣው ገቢ 500 ብር ቢሆን 5,000 ብር ነው። ጠቅላላው ጕዳት 23,000 ብር ሆነ። 1,800ን ለ23,000 ብናካፍል ወደ 8 በመቶ ይመጣል። ትርጕሙ እንዲህ ነው፤ ሰርቪሱን መተው ይህ ጕዳት የሚደርስበትን ዕድል ከ100 በ8 ብቻ ቢጨምረው፣ ሰርቪሱን ማድረግና መተው በዋጋ እኩል ይሆናሉ። ከዚያ በላይ ቢጨምረው የተወው ሰው ከሳሪ ነው። እንዲያውም ዘይቱን አንድ ቀን መግዛቱ ስለማይቀር፣ በመተው የሚገኘው ቍጠባ ከ1,800 ብር ያነሰ ነው። ከዚህም ሌላ ሰርቪሱ ባለመደረጉ የፋብሪካው ዋስትና ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ በሌላ ምክንያት የመጣም ብልሽት በባለቤቱ ኪስ ይወድቃል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ነው።

ረ. የግድ ከሻጩ ጋራዥ መሆን አለበትን?

በዚህ ረገድ ከሌላ አገር የምንማረው አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የማግነሰን-ሞስ የዋስትና ሕግ፣ ሠሪው ዕቃውን ወይም ሥራውን በነጻ ካልሰጠ በቀር፣ «ከእኔ መለዋወጫ ካልገዛህ ወይም በእኔ ጋራዥ ካላሠራህ ዋስትናህ ይቀራል» ማለትን በመሠረቱ ይከለክላል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2022 በሞተር ቢስክሌት ሠሪው በሃርሊ-ዴቪድሰን ላይ ይህንኑ ጉዳይ አንሥቶ፣ ኩባንያው በዋስትናው ውስጥ የነበረውን እንዲህ ያለ ገደብ እንዲያነሣ አድርጓል። በዚያ አገር ያለ ሰው የመጀመሪያውን ሰርቪስ በራሱ እጅ ወይም በሰፈሩ መካኒክ ሊያደርግ ይችላል ማለት ነው። የሚፈለግበት ግን ሥራው በመመሪያው መሠረት መደረጉን የሚያሳይ ደረሰኝና መዝገብ ነው።

ይህ የአሜሪካ ሕግ ነውና በእኛ አገር እንደሚሠራ አድርገን አንጥቀሰው። በእኛ ዘንድ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሽያጭ በሚናገርበት ክፍል፣ ሻጩ ለሸጠው ዕቃ ጕድለት ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ገዢውም ዕቃውን በጊዜው መርምሮ ጕድለት ቢያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። የመጀመሪያው ሰርቪስ ለዚህ ምርመራ የተመቸ ጊዜ ነው። ዘይት የሚያንጠባጥብ ጓርኒሲዮን፣ ጠመም ያለ ቸርኬ፣ የማይገባ ማርሽ ቢኖር በዚህ ቀን በጽሑፍ ይመዝገብ። በሻጩ የተሰጠው የዋስትና ወረቀት ሰርቪሱን በተወሰነ ቦታ እንዲደረግ የሚያዝዝ ከሆነ፣ ቃሉን በጥንቃቄ አንብቦ የእጅ ዋጋውን በሌላ ቦታ በማሠራት ከሚገኘው ቍጠባ ጋር ማመዛዘን ያስፈልጋል። በምሳሌያችን ቍጠባው ቢበዛ 600 ብር ነው፤ ለ600 ብር ሲባል የዓመት ዋስትናን መጣል ብልኅነት አይሆንም። ወረቀቱ የማያስገድድ ከሆነ ወይም ጋራዡ ከሚኖሩበት አገር እጅግ የራቀ ከሆነ ግን፣ ጠንቃቃ የሆነ የሰፈር መካኒክ ያንኑ ሥራ በሚገባ ሊሠራው ይችላል።

በራሱ እጅ ለሚሠራም ሰው ማስጠንቀቂያ አለ። ዘይቱ ሲፈስ ሞተሩ ለብ ያለ እንጂ የሚያቃጥል አይሁን። የማፍሰሻው ብሎን ከልክ በላይ ከጠበቀ የሞተሩን ለስላሳ ብረት ጥርስ ይበላል። አሮጌው ዘይት በቦይ ወይም በእርሻ አጠገብ አይደፋ፤ በጀሪካን ተይዞ አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይሰጥ።

ስለ ኤሌክትሪክ ሞተር ቢስክሌት አንድ ቃል እንጨምር። እርሱ የሞተር ዘይት፣ ፊልትሮና ቫልቭ የለውም። ስለዚህ ከላይ 1ኛ ያልነው ክፍል በአብዛኛው ይቀርለታል። ፍሬኑ፣ ጎማው፣ ብሎኖቹና የኤሌክትሪክ መያያዣዎቹ ግን መመርመር ስላለባቸው «ሰርቪስ አያስፈልገውም» የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም።

ሰ. ማጠቃለያ

ከላይ የተባለውን በአጭሩ እንሰብስበው።

1ኛ፤ ሞተሩ ሲገዛ የመጀመሪያው ሰርቪስ ዋጋ ተጠይቆ ገንዘቡ ለብቻ ይቀመጥ።

2ኛ፤ ከመመሪያው ላይ ሦስት ነገር ተገልብጦ ይያዝ፤ ኪሎ ሜትሩና ቀኑ፣ የዘይቱ ዐይነትና መጠን፣ የሚመረመሩት ነገሮች ዝርዝር።

3ኛ፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ዋጋው በዝርዝር ይነገር፤ በዝርዝሩ የሌለ ነገር ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይጨመር።

4ኛ፤ ደረሰኙ የዘይቱን ዐይነት፣ ቀኑንና በቈጣሪው ላይ ያለውን ኪሎ ሜትር የያዘ ይሁን፤ ከዋስትናው ወረቀት ጋርም ይቀመጥ።

5ኛ፤ ሞተሩ ከጋራዥ ሲወጣ የዘይቱ ልክ፣ ፍሬኑና የካቴናው መጥበቅ በባለቤቱ ዐይን ይታይ።

ይህን ሁሉ ለማድረግ መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤ ማንበብና መደመር የሚችል ሰው ይበቃል። በመጪው ዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ፣ በቤታችን ወይም በጎረቤታችን አዲስ ሞተር ቢኖር፣ ያን የተቀመጠ መጽሐፍ ከሣጥን አውጥተን የሰርቪሱን ገጽ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም ነጂው በሚናገረው ቋንቋ በአንድ ወረቀት ላይ እንጻፍለት። ሥራው የግማሽ ሰዓት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ፣ በ1,000 ኪሎ ሜትር የምትከፈለው ትንሽ ሂሳብ የኋለኛውን ትልቅ ሂሳብ ታስቀራለችና።